ጀልባ የማይንኳኳበት መንደር

በእኛ መንደር ጀልባ አይንኳኳም። ይህን ያዘዘ ሹም የለም፤ የተጻፈ ሕግም የለም። ሰው መቅዘፊያውን ጀልባ ውስጥ ሲያስቀምጥ የተኛ ሕፃን እንደሚያስተኛ ቀስ አድርጎ ነው። ሚስማር መምታት ያለበት ጀልባውን ከውሃ ጎትቶ ከማንጎዎቹ ጀርባ ድረስ ይወስደዋል። እንግዳ ሳያውቅ የጀልባ ጠርዝ በጣቱ መታ መታ ካደረገ ሴቶቹ ሳይቀሩ ይቆጡታል። ለምን ብሎ ሲጠይቅ "የወንዙ መንፈስ አይወድም" ይሉታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እንደዚያ እያሉ ዓይናቸው ወደ እኔ ቤት ነው።

እንግዲያው እኔው ልናገረው። ናውንግ እባላለሁ። በኢራዋዲ ወንዝ ላይ አሥራ አንድ ዓመት የዶልፊን ጠባቂ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ አሁንም ጠባቂ ነህ ይለኛል።

ያሳደገኝ የእናቴ ወንድም ኡ ቴት ፓን ነው። አጎቴ ዶልፊን እየጠራ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ነበር፤ አባቱም፣ የአባቱም አባት እንደዚያው ነበሩ። ስንዝር ተኩል የምትሆን ከቲክ እንጨት የተጠረበች ዱላ አለችው። በእሷ የጀልባውን ጠርዝ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ያደርግና ድመት እንደሚያባብል ሰው ከጉሮሮው ያጉረመርማል። ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ትንሽ ቆይቶ ከውሃው ላይ "ፉህ" የሚል ትንፋሽ ይሰማል። ዶልፊኗ ማ ፒዩ ናት። ጀርባዋ ላይ ነጭ ጠባሳ ስላላት ማ ፒዩ፣ ነጯ ማለት ነው፣ ብሎ ስም ያወጣላት እሱ ነው። ዓሣውን ከብባ ወደ ጀልባው ትነዳለች፤ ጅራቷን ከውሃ ብቅ ስታደርግ አጎቴ መረቡን ይጥላል። ከመረቡ ያመለጠው የእሷ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲኖሩ አንዱ ሌላውን አታልሎ አያውቅም። የአክስቴ የዶ ሳው ዪ ቅናት ግን ለብቻው ነበር፤ "እኔን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፣ እሷን በዱላ ይለማመጣታል" ትል ነበር።

የጥሪ ዱላ አይዋሱትም። አጥማጁ ሲሞት ዱላው ተሰብሮ ወንዝ ይጣላል፤ ልጁ ሥራውን ከፈለገ የራሱን ጠርቦ የራሱን እጅ ያስለምዳል። ዓመትም፣ ሁለት ዓመትም ይፈጃል። ዶልፊን እጅ ታውቃለች፣ እንግዳ እጅ ሲያንኳኳ ትሸሻለች ይላሉ። እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት ሰውዬ ይህን የሽማግሌ ወግ አደርገው ነበር።

ከመንደራችን ወደ ላይ ያለው የወንዙ ክፍል የተከለለ ነበር። በኤሌክትሪክ ዓሣ መግደል እዚያ ሦስት ዓመት ያሳስር ነበር። ሥራው እንዲህ ነው፤ ሰዎቹ ባትሪ ጀልባ ላይ ይጭናሉ፣ ሽቦ ውሃ ውስጥ ይነክራሉ፣ በዙሪያው ያለ ነገር ሁሉ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ይህን የሚከለክለውን ስምምነት የእኛ መንግሥትና ሩቅ ያሉ አገሮች አብረው ነው የፈረሙት። ለጀልባዬ ነዳጅ የሚመጣው ከእነሱ ነበር። በዳር በዳሩ አርባ ሁለት የወሰን ምሰሶዎች ተክለናል፤ እያንዳንዱ ላይ ዶልፊን ተስሏል፣ ከዶልፊኑ በታች የፈራሚዎቹ ትንንሽ ባንዲራዎች።

ከዚያ ዋና ከተማው ላይ ወታደሮች ሥልጣኑን ያዙ። ሩቅ ያሉት አገሮች ከእነዚህ ጋር ወረቀት አንነካም አሉ። የእኛዎቹም ማን ለመናችሁ አሉ። የሞተውን አውቃለሁ፣ የተሰደደውንም አውቃለሁ፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው፤ ዛሬ ብጀምረው አልጨርሰውም። የማወራው ስለ ወንዙ ነው። ዶልፊኖቹ የማንንም ሰልፍ አልወጡም፤ በማንም ላይ አልፈረሙም።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ደብዳቤ መጣ። የውጭው "ግንኙነቱ እስኪስተካከል ድረስ ሥራው ቆሟል" ይላል። የዋና ከተማው ደግሞ ወዳጅ ያልሆኑ አገሮች ባንዲራ ያለበት ምልክት ሁሉ በሰባት ቀን ውስጥ ይነሳ፣ የክልከላውም ጉዳይ እንደገና ይታያል ይላል። አለቃዬ ጋ ደወልኩ። ባንዲራውን ቀለም ቀብቼ ምሰሶውን ብተወውስ አልኩት።  "ናውንግ፣ ልጆች አሉህ አይደል?" ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ምሰሶዎቹን የተከልኩት እኔ ነበርኩ፤ የነቀልኩትም እኔ ነኝ። አጎቴ ሽማግሌዎቻችን የሚያኝኩትን ቅጠል እያላመጠ ዳር ቁጭ ብሎ ያየኝ ነበር።

"እስካሁን የጠበቃት ባንዲራው ነው ወይስ እንጨቱ?" አለኝ።

"ወረቀቱ ነው፣ አጎቴ።"

"ወረቀቱስ የማን ነው?"

"የሁለቱም ነበር።"

"እና ባልና ሚስት ሲፋቱ፣ ልጅቷ ማን ጋ ትቀራለች?"

መንቀሌን ቀጠልኩ።

ከወር በኋላ ባለ ባትሪዎቹ መጡ። መጀመሪያ ሁለት ጀልባ፣ ቀጥሎ ዘጠኝ። በጠራራ ፀሐይ ነበር የሚሠሩት። የእኔ ጀልባ ነዳጅ የላትም፤ ብቀዝፍ እንኳ ደርሼ ምን ብዬ ልያዛቸው? የትኛውን ሕግ ልጥቀስ? አክስቴ የጠባቂ ካፖርቴን ገመድ ላይ ስታሰጣ "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም" አለች። አልተቀየምኳትም፤ እውነቷን ነው።

እነዚያ ሰዎች አጎቴን እያዩ ያሾፉ ነበር። የእሱን እየቀዱ በመፍቻ የጀልባቸውን ብረት ያንኳኳሉ፤ ዶልፊን ዓሣ ከነዳላቸው አንዴ ሽቦ ነክረው ጀልባ ሙሉ ያፍሳሉና። ዓመት ሙሉ ሞከሩት። ማ ፒዩ ድምፁን ስትሰማ ወደ ጥልቁ ትገባለች። አጎቴ ይህን ሲያይ ይስቅ ነበር። ሲስቅ ያየሁት የመጨረሻው ጊዜ ያኔ ነው።

በእኛ አካባቢ ከነበሩት ሰባት ዶልፊኖች ሁለቱ ሞቱ። ማ ፒዩ ያን ጊዜ ግልገል ነበራት፤ እንደ ጥላ ከጎኗ የማይለይ ወንድ ግልገል። አጎቴ ምግብ መብላት ተወ። ሩዙን በእጁ ያድበለብልና መልሶ ሳህኑ ላይ ያኖረዋል። አንድ ቀን "ናውንግ፣ አንተ የተማርክ ነህ፣ ማ ፒዩን ወዴት ላሽሻት ትላለህ?" አለኝ። ከዕድሜው የሚበልጥ እርጅና ያየሁበት ያን ዕለት ነው።

ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከመንደራችን ወደ ታች፣ ከመነኮሳቱ ገዳም ገደል ሥር፣ ወንዙ ውስጥ ጥልቅ ኩሬ አለ። ምእመናን ከገበያ የገዙትን ዓሣ ለጽድቅ ብለው የሚለቁት እዚያ ነው፤ እዚያ መረብ የሚጥል ሰው የለም። ሕግ የማይፈሩት ባለ ባትሪዎች እንኳ ገሃነምን ይፈራሉ፤ ከገዳሙ የወንዝ መታጠፊያ በታች ዝር አይሉም። አጎቴ በየማለዳው ትንሽ ትንሽ ወደ ታች እየወረደ ቢያንኳኳ፣ መረብ ሳይጥል ቢያበላት፣ እዚያ ድረስ ልትከተለው ትችላለች አልኩት።

ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በዘጠነኛው ማለዳ ማ ፒዩ ግልገሏን ይዛ ገደሉ ሥር "ፉህ" አለች። መነኮሳቱ ደረጃው ላይ ወጥተው አዩ። አክስቴ እንኳ ሻሿን ዓይኗ ላይ አደረገች። ባንዲራም ወረቀትም ሳይኖር አተረፍናት አልኩ በሆዴ። ኩራት ተሰማኝ፤ አልዋሽም።

ችግሩ እዚያ ማቆየቱ ነበር። ዶልፊን ያደገችበትን ትናፍቃለች፤ በየማለዳው ካልተጠራች ተመልሳ ወደ ላይ፣ ወደ ሽቦዎቹ ትሄዳለች። አጎቴ በየቀኑ ሄደ። በአሥራ አራተኛው ቀን ወባ ጣለው። ላቡ ምንጣፉን አራሰው፣ ሰው መለየት አቃተው። በሦስተኛው ማለዳ ዶ ኦን፣ ዓሣ ቸርቻሪዋ፣ ማ ፒዩ ከኩሬው ወጥታ መታጠፊያው ጋ ስትዞር አየሁ ብላ መጣች።

ዱላዋ የቤቱ ምሰሶ ላይ፣ ለቤቱ ጠባቂ መንፈስ ከተሰቀለው ኮኮናት ሥር ተንጠልጥላ ነበር። አጎቴ ተኝቷል። አክስቴ አየችኝ፤ ውሰድ አላለችኝም፣ አልከለከለችኝም። ወሰድኳት።

መታጠፊያው ጋ ሄጄ አንኳኳሁ። እንደ እሱ አድርጌ አጉረመረምኩ። አልመጣችም። ወደ ጥልቁ ስትገባ አየኋት። ዓሣ ወረወርኩላት። ደግሜ አንኳኳሁ፣ ደግሜ ወረወርኩ። ፀሐይ እስክትከር ድረስ ቆየሁ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ጠቅ ጠቅ ጠቅ ስል ከጀልባዬ አሥር ክንድ ላይ ጭንቅላቷን አወጣችና አየችኝ። ዓሣውን በላች፤ ተከትላኝ ወደ ኩሬው ተመለሰች። በደስታ አለቀስኩ። እጅ ታውቃለች የሚሉት ወሬ ነው አልኩ፤ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው አልኩ። ስድስት ቀን ጠራኋት። አጎቴ ሲሻለው ዱላዋን ቦታዋ መለስኩ። ለእሱ አልነገርኩትም።

በሳምንቱ ማለዳ ላይ ከመታጠፊያው ማዶ የብረት ድምፅ ተሰማ። በመፍቻ ጀልባ ያንኳኳሉ። ዓመት ሙሉ የሰማነው ድምፅ ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም። እኔ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ሦስቴ፣ ደግሞ ሦስቴ። ከዚያ ዝም አለ።

ዶ ኦን ናት ያገኘቻት። አሸዋው ላይ ተኝታለች። ቁስል የላትም፤ ኤሌክትሪክ ምልክት አይተውም። ዓይኗ ክፍት ነው። ግልገሏ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ይመላለሳል፤ እናቱን በአፍንጫው እየነካ ይመለሳል።

አጎቴ አጠገቧ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ ነገርኩት። ያላልኩት ነገር የለም፤ ሦስቱን ቀን፣ ዓሣውን፣ እንባዬን ሳይቀር። ቀና ብሎ አላየኝም።

"የእንግዳ እጅ አስለመድካት" አለ በመጨረሻ። "እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኳት ነገር አንድ ብቻ ነበር። ከእኔ በቀር ሰው እንዳታምን።"

"አጎቴ፣ ወደ ላይ እንዳትሄድብን ብዬ..."

"አውቃለሁ" አለ። "ለዚህ ነው የማልሰድብህ።"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቢመታኝም።

የአሸዋው ደሴት ላይ ቀበርናት፤ መነኮሳቱ ጸለዩላት። በዚያ ወር ክረምቱ ገባ፣ ወንዙ ሞላ፣ ውሃው ከቤቶቻችን ወለል ሥር ገባ። ቤቶቻችን በምሰሶ ላይ የቆሙ ስለሆኑ በየዓመቱ የሚሆን ነው። ግንድ ተንሳፎ የቤት ምሰሶ ይመታል፤ ጠቅ ጠቅ ይላል። የዚያን ዓመት ግን ግንዱ ምሰሶውን በመታ ቁጥር ከወለላችን ሥር ትንፋሽ ይሰማ ጀመር። "ፉህ።" አክስቴ ሩዝ ስትለቅም እጇ አየር ላይ ቀረ። ልጆቼ አልጋ ላይ ወጡ። እሷ ናት፣ ነፍሷ መጣች፣ ናውንግን ፈልጋ ነው አለ መንደሩ። እኔም አመንኩ። ወለሉን ረግጬ መሄድ ፈራሁ፤ ከእግሬ ሥር፣ ከጣውላው በታች፣ የሆነ ነገር ይጠብቀኛል። እንጀራ ፈላጊ ለማኝ እንኳ በር ላይ እንዲህ በትዕግሥት አይቆምም።

አጎቴ ነው በወለሉ ቀዳዳ ያየው። በሆዱ ተኝቶ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

"መንፈስ አይደለም" አለ ሲነሳ። "ልጇ ነው። ተርቧል። ድምፅ ሲሰማ ይመጣል፤ ከእናቱ ያየው ይህንን ነው።"

አክስቴ ደስ አላት፤ እናብላው አለች። አጎቴ ዱላዋን ከኮኮናቱ ሥር አወረደ፣ ረጅም የቀርከሃ ዘንግም ያዘ፣ እኔን ቅዘፍ አለኝ። ወንዙ መሐል ውሰደኝ አለ። እዚያ አንኳኳ። ግልገሉ መጣ። አጠገባችን ደርሶ ክቡን ጭንቅላቱን አወጣ፤ የሚስቅ የሚመስል ፊት አላቸው። አጎቴ ዘንጉን አንሥቶ ጀርባውን መታው።

"ሰው መጥፎ ነው" አለው። እንደሚያባብል ሰው፣ በዚያው ከጉሮሮው በሚወጣ ድምፅ ነው ያለው።

ግልገሉ ሸሸ። አጎቴ ደግሞ አንኳኳ። ግልገሉ ደግሞ መጣ። ደግሞ መታው። "ሰው መጥፎ ነው፣ ልጄ። ሰው መጥፎ ነው።" እኔ መቅዘፊያውን ይዤ ፊቴን አዞርኩ፤ እሱ ግን እንባው በጉንጩ እየወረደ ዓይኑን አልነቀለም። ሦስት ማለዳ እንዲህ አደረግን። በሦስተኛው ቀን ሲያንኳኳ ውሃው ዝም አለ። ሩቅ፣ በጣም ሩቅ ትንፋሽ ሰማን፤ አልቀረበም። አጎቴ ዱላዋን ጉልበቱ ላይ ሰብሮ ወንዙ ውስጥ ጣላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንደራችን ጀልባ አይንኳኳም። የተማረውን እንዳይረሳ ነው።

ሁለት ዓመት ተኩል አለፈ። የሆነ አገር፣ የሆነ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው ተጨባበጡ አሉ። በሌላው ጉዳይ ሁሉ ስላልተስማሙ ይመስለኛል፣ ቢያንስ በወንዙ እንስማማ አሉ፤ ዶልፊን ማንም የማይጠላው ነገር ነው። ደብዳቤ መጣ። ነዳጅ መጣ። አርባ ሁለት አዲስ ምሰሶዎች መጡ፤ ዶልፊኑ አለ፣ ባንዲራ የለም። ከምሰሶዎቹ ጋር ዶክተር ኢ ምዎን የምትባል ሴት ከዋና ከተማው መጣች፤ ሁለት የውጭ ሰዎችም አብረዋት ነበሩ። ደግ ሴት ናት፣ ክፉ አልናገርባትም። አጎቴን አጎንብሳ ሰላም አለችውና፣ ስለ ጥሪው ስንት ዓመት ስሰማ ኖርኩ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያሳዩን ብላ ለመነችው።

"ዱላዬ ተሰብሯል" አላት። ዓይኑ በዚያን ጊዜ ደክሞ ሰው የሚለየው በድምፅ ነበር። ወደ እኔ ዞር ብሎ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለ በቀስታ።

ምሰሶ የመትከሉ ሥራ የእኔ ነው። እንግዶቹ ካሜራ ይዘው በሌላ ጀልባ ተከተሉኝ። የመጀመሪያውን ምሰሶ ዳር ላይ አቁሜ በእንጨት መዶሻ መምታት ጀመርኩ። ምሰሶ ለመትከል ሌላ ምን ዘዴ አለ? አላሰብኩትም፤ በእውነት አላሰብኩትም። ሁለተኛውን መታሁ። ሦስተኛውን ስመታ ከኋላዬ "ፉህ" አለ።

 ቀስ ብዬ ዞርኩ። አድጓል። ጀርባው ላይ የቀርከሃው ዘንግ ምልክት አለ፤ የእናቱ ጠባሳ ከነበረበት ቦታ ብዙም አይርቅም። ከጀልባዬ አሥር ክንድ ላይ ቆሞ ጭንቅላቱን አውጥቶ ያየኛል። ያ ሁሉ ዱላ፣ ያ ሁሉ ዝምታ፣ እና አሁንም መጣ። እንግዶቹ ካሜራቸውን ወደ እሱ አዞሩ። ዶክተሯ እጇን አፏ ላይ አድርጋ "አወቀህ፣ ናውንግ፣ አወቀህ እኮ" አለች።

አዎ፣ አውቆኛል። ልቤ ወደ እሱ ሄደ፤ እውነቱን ልናገር። እጄን ዘርግቼ ልነካው ፈለግሁ። ከዚያ አሰብኩ፤ ይህ ወረቀት እስከ መቼ ይቆያል? እስከ ቀጣዩ ጠብ ነው። ሰዎቹ ሲጣሉ መንቀል ቀላል ነው፣ በሰባት ቀን ያልቃል። ያን ጊዜ የሚያንኳኳው ማን ይሆናል?

መዶሻውን አንሥቼ በሙሉ ኃይሌ ወረወርኩበት። ጭንቅላቱን መታው።

"ሰው መጥፎ ነው!" አልኩት። ድምፄ እንደ አጎቴ አላባበለም፤ ጮህኩ።

ውሃው ተናወጠና ተዘጋ።  መዶሻው ብቻ ተንሳፎ ይዞር ነበር። ዶክተሯ ፊቷ ነጭ ሆኖ "የዶልፊኑ ጠባቂ አንተ አይደለህም እንዴ?" አለችኝ።

"ነኝ" አልኳት።

አጎቴ ከዳር ሆኖ ጆሮውን ወደ ወንዙ አዘንብሎ ነበር።

"ሄደ?" አለ።

"ሄደ።"

"ርቆ?"

ብዙ አዳመጥኩ። "ርቆ፣ አጎቴ።"

"ደህና" አለ።

መዶሻውን ከውሃው አወጣሁ። ሸሚዜን አወለቅኩ፣ መዶሻው ላይ ደራርቤ ጠቀለልኩት፣ በገመድ አሰርኩት። የቀሩትን ሠላሳ ዘጠኝ ምሰሶዎች ድምፅ ሳላሰማ ተከልኳቸው።